መኖሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲሆን፤ ስለ ቢሮ ሠራተኞች ምርጫ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

በቋንቋችን ሰው ሥራ የሚሠራበት ስፍራ ብዙውን ጊዜ ቤት ተብሎ ይጠራል። ወጥ የሚሠራበት ማድ ቤት፣ ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ ነገር የሚዳኝበት ፍርድ ቤት፣ ደብዳቤ የሚጻፍበት ጽሕፈት ቤት ነው። ሁሉንም በአንድ ስም ስንጠራው መሥሪያ ቤት እንላለን። ሰው ሠርቶ ሲመለስ የሚያርፍበት ግን መኖሪያ ቤት ይባላል። ሁለቱም ቤቶች የየራሳቸው ሰዓት፣ የየራሳቸው ልብስና የየራሳቸው አለቃ አሏቸው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ሁለቱ ቤቶች አንድ ሲሆኑ የሚደርሰውን ነገር ነው። ይኸውም የቢሮ ሠራተኛ ሥራውን ከመኖሪያ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ቢፈቀድለት ይመርጣልን? የሚመርጥ ከሆነስ ስለ ምን ይመርጣል? የሚል ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሠራተኛውን ጠይቆ መልሱን መጻፍ ይበቃል የሚል ሰው ይኖራል። እኛም ሥራውን ስንጀምር እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን በሌላ አገር የተደረጉትን ምርመራዎች ካነበብንና በከተማችን ያሉ የምናውቃቸውን ጥቂት ሠራተኞች ካነጋገርን በኋላ፣ «ከቤት መሥራት እመርጣለሁ» የሚለው ቃል ከሁሉም አፍ አንድ ትርጉም ይዞ እንደማይወጣ ተረዳን። አንዱ ቤቱ ጸጥ ያለ ስለ ሆነ ይመርጣል፤ ሌላው መንገዱ ስለ መረረው ይመርጣል፤ ሦስተኛዋ ልጇን የምትተውለት ሰው ስለሌላት ትመርጣለች። በመጠይቅ ወረቀት ላይ ግን ሦስቱም የሚያደርጉት ምልክት አንድ ነው። ስለዚህ ምርጫው የሚነግረን የሠራተኛውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ይልቅ ቤቱንና መንገዱን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም ይኸው ነው።

ነገሩ ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ አይደለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አብዛኞቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ይሰጠናል፤ ወይም ጠረጴዛ ሳይሰጠን «ከቤትህ ሆነህ ሥራ» እንባል ይሆናል። ያን ጊዜ የምናተርፈውንና የምናጎድለውን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ስለ ነገሩ አመጣጥ

በቤት መሥራት ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። በሽሮ ሜዳ ሠፈር የሚኖረው ሸማኔ ዕቃውን የሚተክለው ብዙውን ጊዜ በቤቱ ወይም በግቢው ነው፤ ሚስቱ ትፈትላለች፣ ልጁ ድር ያጠነጥናል፣ እንግዳም ቢመጣ ሸማኔው መወርወሪያውን ሳያቆም ያጫውተዋል። ብራና ጸሐፊውም ብራናውን ፍቆና ቀለሙን በጥብጦ የሚጽፈው በጎጆው ነበር። አዲስ ነገር የሆነው መሥሪያ ቤቱ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ከሾሙ ወዲህ የመንግሥት ሥራ በየሚኒስቴሩ እየተከፋፈለ ሄደ። ከዚያም ቀስ በቀስ ሰው ጧት ከቤቱ ወጥቶ፣ ፈርሞ ገብቶ፣ ማታ ፈርሞ የሚወጣበት ልማድ ተተከለ። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤት ፊርማው በጣት አሻራ ተተክቷል፤ የሚጠበቀው ነገር ግን ያው ነው፤ ሠራተኛው በቦታው መገኘቱ።

የቢሮ ሥራን ወደ ቤት መልሶ የመውሰድ አሳብ በስም የታወቀው በአሜሪካ አገር ነው። ጃክ ኒልስ የተባለው ሊቅ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ነገሩን «ቴሌኮሚውቲንግ» ብሎ ሰየመው። ያስጨነቀው የሠራተኛው ምቾት ሳይሆን የመንገዱ መጨናነቅ ነበር። በየቀኑ ሺሕ ሰው በመኪና ወደ ከተማው መካከል ከሚጓዝ፣ ሥራው በሽቦ ወደ ሰዉ ቢጓዝ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ውድና ግዙፍ፣ መሥመሩም ቀርፋፋ ስለ ነበረ አሳቡ ለብዙ ዓመታት ከጥቂቶች ዘንድ አላለፈም።

ለአገራችን የቢሮ ሠራተኛ ነገሩ የመጣው በምርጫ ሳይሆን በትእዛዝ ነው። የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በመጋቢት 16 ቀን ደግሞ ሥራቸው የግድ በቦታው መገኘትን ከሚጠይቅ በቀር አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዘዘ። ቤቱ የተዘጋጀለት፣ ኮምፒዩተር ያለው፣ መሥመር የገባለት ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም። በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ፣ በመሥመር ይሠራ የነበረ ሰው ሥራው በአንድ ሌሊት ቆመበት። ስለዚህ ብዙ ሰው ስለ ጉዳዩ ያለው ትዝታ የሥራ ትዝታ ሳይሆን የችግር ዘመን ትዝታ ነው። ይህን ከምርጫው ለይተን ማየት ይገባናል።

በሕጋችንም ነገሩ ስም አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛው ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር በመኖሪያ ቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ ሆኖ በደመወዝ የሚሠራበትን ውል ያውቃል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

ምርጫ በምን ይለካል?

ሰው «እወዳለሁ» ሲል ምን ያህል እንደሚወድ ለማወቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የኢኮኖሚ መርማሪዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ፤ ይኸውም «ይህን ለማግኘት ከደመወዝህ ስንት ትተዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አሌክሳንደር ማስና አማንዳ ፓሌ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአሜሪካ አገር ለስልክ አገልግሎት ሥራ ያመለከቱ ሰዎችን፣ ደመወዛቸውና አሠራራቸው የተለያየ ሁለት ሥራዎችን እያቀረቡ አስመረጧቸው። በ1917 ሳይሆን በዘመናችን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ አመልካቾቹ ከቤት የመሥራትን ፈቃድ ለማግኘት በአማካይ ከደመወዛቸው ከመቶ 8 እጅ ለመተው ዝግጁ ነበሩ። ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ ብዙ የሚተው አለ፣ ምንም የማይተውም አለ።

ከኮሮና በኋላ በ27 አገሮች በተደረገ ሌላ ምርመራ፣ ሠራተኞች በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከቤት የመሥራትን ዕድል በአማካይ ከደመወዝ ከመቶ 5 እጅ ያህል አድርገው ገምተውታል። ከፍ አድርገው የገመቱት እነማን እንደ ሆኑ ስንመለከት ሴቶች፣ ልጆች ያሏቸውና መንገዳቸው የሚረዝም ሰዎች ናቸው። በእነዚሁ አገሮች ሰው ከቤት ሲሠራ ከመንገድ የሚያተርፈው ጊዜ በቀን በአማካይ 72 ደቂቃ ነው፤ ካተረፈውም ከመቶ 40 እጅ ያህሉን መልሶ ለሥራው ያውለዋል። እንግዲህ ከላይ የተናገርነው በቁጥርም ይታያል። የምርጫው ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው እንደ መንገዱ ርዝመትና እንደ ቤተ ሰቡ ሁኔታ ነው።

የሻንጋይ ሙከራ

ምርጫው ከሥራው ውጤት ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ለማወቅ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሙከራ በቻይና የተደረገው ነው። ሲትሪፕ የተባለው የጉዞ ድርጅት በሻንጋይ ከተማ በስልክ የአውሮፕላንና የሆቴል ቦታ የሚይዙ ብዙ ሠራተኞች ነበሩት። ኒኮላስ ብሉም ከተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቅና ከጓደኞቹ ጋር በመሆን በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሙከራ ጀመረ። ሠራተኞቹ ከቤት መሥራት ይፈልጉ እንደ ሆነ ሲጠየቁ እሺ ያሉት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ከእነርሱም የራሳቸው ክፍል፣ ጥሩ መሥመርና ቢያንስ የስድስት ወር አገልግሎት ያላቸው 249 ሰዎች ተለዩ። ከዚያም በልደት ቀናቸው ቁጥር ዕጣ ወጣላቸው፤ ቀኑ ለሁለት እኩል የሚከፈል የሆነለት በሳምንት አራት ቀን ከቤቱ፣ አንድ ቀን ከቢሮ ይሠራል፤ ሌላው ሁልጊዜ በቢሮ ይቀመጣል።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ከቤት የሠሩት ሰዎች ሥራ ከመቶ 13 እጅ በለጠ። ከዚህም የሚበዛው የመጣው ዕረፍትና የሕመም ፈቃድ ስለ ቀነሰ ነው፤ የቀረው ቤቱ ጸጥ ያለ በመሆኑ በደቂቃ የሚመልሱት ስልክ ስለ በዛ ነው። ሥራ የሚለቀውም ሰው በግማሽ ቀነሰ። እስከዚህ ድረስ ቤት ቢሮን ያሸነፈ ይመስላል።

ነገር ግን ሙከራው አልቆ ሁሉም እንደገና እንዲመርጡ በተፈቀደላቸው ጊዜ ከግማሽ የሚበልጡት አሳባቸውን ለወጡ። ከቤት ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ብቸኝነት ስለ ከበዳቸው ወደ ቢሮ ተመለሱ። የሚጠቅመው ሰው ብቻ በቤት ሲቀር ጥቅሙ ከመቶ ወደ 22 እጅ አደገ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ ሰው ሳይሞክረው የሚመርጠውና ከሞከረው በኋላ የሚመርጠው አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሙከራው የተደረገው የራሳቸው ክፍል ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር ብዙ ጊዜ ውጤቱን የሚጠቅሱ ሰዎች ይዘነጉታል።

የቼናይ ሙከራ

በህንድ አገር በቼናይ ከተማ የተደረገው ሌላው ሙከራ ለእኛ አገር ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለናል። ዴቪድ አትኪን፣ አንቷኔት ሾርና ሱሚት ሺንዴ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፍ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገቡ ሠራተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ ገሚሶቹ በቢሮ፣ ገሚሶቹ በቤት እንዲሠሩ ሆነ። አስቀድመውም ምርጫቸውን ጠይቀዋቸው ነበር።

በቤት የሠሩት ከቢሮዎቹ ይልቅ ሥራቸው ከመቶ 18 እጅ አነሰ። ከዚህ ልዩነት ሁለት ሦስተኛው የታየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው፤ የቀረው የመጣው በቢሮ ያሉት ቶሎ ቶሎ እየተማሩ ስለ ሄዱ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የምርጫው ነገር ነው። ቤትን የመረጡት ሰዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በተሰጠው ፈተና ከሌሎቹ ከመቶ 12 እጅ የፈጠኑና የተሻሉ ነበሩ። እነዚሁ ሰዎች በቤት ሲሠሩ ግን ቢሮ ቢሆኑ ከሚሠሩት ከመቶ 27 እጅ ያጎድላሉ፤ ቢሮን የመረጡት በቤት ሲሠሩ የሚያጎድሉት ከመቶ 13 እጅ ብቻ ነው። ይህም ማለት ቤትን አጥብቀው የሚመርጡት ቤት አጥብቆ የሚጎዳቸው ናቸው ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? መርማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት በከፊል ይህ ነው፤ ልጅ ወይም ሌላ የሚጦር ሰው ያለባቸውና ከድኻ ቤት የመጡ ሠራተኞች ወደ ቢሮ መሄድ ስለሚቸግራቸው ቤትን ይመርጣሉ። ያው የሚያስቀራቸው ጉዳይ በቤት ሲሠሩም አያሠራቸውም። አሠሪው ቤትን ቢከለክል ጎበዝ ሠራተኞችን ያጣል፤ ቢፈቅድ ሥራቸው ይቀንሳል። ሠራተኞቹ ሰነፎች ስለ ሆኑ አይደለም። ሁለት ሥራ በአንድ ሰዓት ስለ ያዙ ነው።

በአዲስ አበባ ያየነው

ይህን ካነበብን በኋላ ከምናውቃቸው ሠራተኞች የሰማነው ነገር ይበልጥ ገባን። ሦስቱን ብቻ እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያዋ የሁለት ልጆች እናት የሆነች የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የምትኖረው በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ባለው ቤት ነው። ሥራ የሚገባው ጧት በ2 ሰዓት ተኩል ነው፤ እርሷ ግን የታክሲውን ሰልፍ ለማምለጥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች። በ2012 ዓ.ም. ከቤት እንድትሠራ በታዘዘች ጊዜ ደስ ብሏት ነበር። በሦስተኛው ቀን አማቷ መጡና «ልጄ፣ ከቤት ውለሽ ቡና እንኳ አታፈዪም?» አሏት። ጎረቤቷ «ዛሬ ዕረፍት ነሽ እንዴ?» እያለች ታንኳኳለች። ቡናው ተፈልቶ አቦል ብቻ ቀምሶ መነሣት ነውር ነው። በሠፈሩ ለቅሶ ቢኖር በቢሮ ያለ ሰው ማታ ይደርሳል፣ ማንም አይቀየመውም፤ በቤት ያለች ሴት ግን ሳትደርስ ብትቀር ታኮርፋለች ትባላለች። የወሩን ሒሳብ የዘጋችው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሌሊት ነው። ይህም ሆኖ ዛሬ ብትመርጥ የትኛውን እንደምትመርጥ ስንጠይቃት ሳታመነታ «ቤቱን» አለችን። ስለ ምን ብንላት «ሞግዚቷ ስትሄድ ልጆቹን ለማን እተዋለሁ?» ብላ መለሰች።

ሁለተኛው ወንድ ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት የጽሕፈት ሥራ ይሠራል። ከወንድሙ ጋር በደባልነት የሚኖረው በሰው ግቢ ውስጥ በተከራየው አንድ ክፍል ነው። ጠረጴዛ የለውም፤ በአልጋው ላይ ተቀምጦ ኮምፒዩተሩን በጉልበቱ ያስቀምጣል። ቆጣሪው አንድ ስለ ሆነ አከራይዋ «ቀኑን ሙሉ መብራት ትፈጃለህ» ብለው ተቆጡት። የሞባይል ዳታውን የሚገዛው ከኪሱ ነው። መብራት በጠፋ ቀን ሥራው አብሮ ይጠፋል። እርሱ የመረጠው ቢሮውን ነው፤ «ቢሮ ወንበር አለ፣ ብርሃን አለ፣ ምሳ የሚበላ ጓደኛ አለ» ይላል።

ሦስተኛው ከእኛ አንድ ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ልጅ ነው። ቤተ ሰቡ ሰፊ ግቢ አላቸው፤ ለብቻው ክፍል አለው፤ መሥመሩም ጥሩ ነው። ከቤት ሲሠራ የሚያውከው የለም። ነገር ግን አንድ የማያውቀው ነገር በገጠመው ጊዜ፣ በቢሮ ቢሆን ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ይችን እንዴት ነው የሚያደርጓት?» የሚለውን፣ ከቤት ሲሆን ለታላቅ ሰው ስልክ መደወል እያፈረ ግማሽ ቀን ያሳልፍበታል። በሁለት ደቂቃ የሚማረውን ሳይማረው ይውላል።

እነዚህ ሦስት ሰዎች ለአገሩ ሁሉ ምስክር ይሆናሉ አንልም። ነገር ግን ሻንጋይና ቼናይ የነገሩንን በቅርብ ሆነን እንድናየው ረድተውናል። ቤት የሚጠቅመው ሦስተኛው ሰው ለዕውቀት ሲል ቢሮ ያስፈልገዋል፤ ቤት የሚጎዳት የመጀመሪያዋ ሴት ሌላ መንገድ ስለሌላት ቤትን ትመርጣለች። ለሁለተኛው ደግሞ ከቤት መሥራት ማለት የአሠሪው ወጪ፣ ማለት የወንበሩ፣ የመብራቱና የመሥመሩ ዋጋ፣ ወደ እርሱ ተዛወረ ማለት ነው።

ስለ መታየትና ስለ መማር

የቢሮ ሠራተኛ የሚፈራው ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም መረሳት ነው። በቀድሞ ዘመን ሹመት የሚፈልግ ሰው በመኳንንቱ ግቢ ከጧት እስከ ማታ እየቆመ ደጅ ይጠና ነበር። የሚጠበቅበት ሥራ ሳይሆን መታየት ነበር። በዛሬው መሥሪያ ቤት ይህ ልማድ ፈጽሞ የጠፋ አይመስለንም። አለቃው ሲገባ በቦታው የሚገኝ፣ ሲወጣም ያልወጣ ሠራተኛ ትጉ ይባላል። ከቤት የሚሠራ ሰው ደጅ ሊጠና አይችልም። ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን የሻንጋዩን ሙከራ እንመልከት፤ በዚያም ከቤት የሠሩት ሰዎች ሥራቸው ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ መማርም ናታልያ ኢማኑኤል፣ ኤማ ሃሪንግተንና አማንዳ ፓሌ በአንድ ትልቅ ድርጅት የሶፍትዌር መሐንዲሶች ላይ ያደረጉት ጥናት አለ። ከባልደረቦቻቸው ጋር በአንድ ሕንጻ የሚቀመጡ መሐንዲሶች በሥራቸው ላይ የሚሰጣቸው እርማትና ምክር በተለያየ ሕንጻ ካሉት ይበዛል፤ ይህም ይበልጥ የሚጠቅመው ወጣቶቹን ነው። በአንጻሩ ነባሮቹ ሌላውን ሲያርሙ የራሳቸው ሥራ ይቀንሳል። እንግዲህ በአንድ ቢሮ ውስጥ የታላቁ ጥቅምና የታናሹ ጥቅም አይስማማም። ነባሩ ሰው ቤቱን ቢመርጥ ለራሱ ልክ ነው፤ ነገር ግን አጠገቡ ተቀምጦ ሊማር ይችል የነበረው ወጣት ባዶ ወንበር ያያል። ወጣቱ ብቻውን ቢሮ ቢገባም የሚያስተምረው ሰው ከሌለ ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ምርጫው የአንድ ሰው ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የአንዱ ምርጫ ለሌላው የሚተርፈውን ይወስናል።

ቀኑን ስለ መክፈል

ከሁለቱ አንዱን ብቻ መምረጥ የግድ አይደለም። ያው የቻይና ድርጅት ስሙን ትሪፕ ዶት ኮም ብሎ ከለወጠ በኋላ በ2021 እና በ2022 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ ሙከራ አድርጓል። በምሕንድስና፣ በገበያና በሒሳብ የሚሠሩ 1,612 ሠራተኞች በልደት ቀናቸው ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ረቡዕና ዓርብ ከቤት እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ታትሟል። ሥራ የሚለቀው ሰው በሲሶ ቀነሰ፤ የቀነሰውም ይበልጡን ከሴቶች፣ አለቃ ካልሆኑትና መንገዳቸው ከሚረዝም ሠራተኞች መካከል ነው። በሥራ ምዘናና በዕድገት በኩል ልዩነት አልታየም። አለቆቹ አስቀድመው ሥራው ይቀንሳል ብለው ገምተው ነበር፤ ካዩት በኋላ ግን ግምታቸውን ለወጡ።

ይህ አሠራር ከመጀመሪያው የሚለየው ሁሉም ሰው በአንድ ቀን በቢሮ፣ በአንድ ቀን በቤት መሆኑ ነው። ሦስት ቀን ሁሉም ስለሚገናኝ ወጣቱ የሚጠይቀው ሰው ያገኛል፤ አለቃውም ሁሉን እኩል ያያል። ሁለት ቀን ደግሞ መንገዱ ይቀራል። ለየካ አባዶዋ እናት በሳምንት ሁለት ጧት ከሌሊቱ 11 ሰዓት አለመነሣት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሞግዚት አይሆንላትም፤ ለሁለተኛውም ሰው ጠረጴዛ አይገዛለትም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ገለጽነው፣ የቢሮ ሠራተኛ ከቤት መሥራትን ሲመርጥ ምርጫው በሦስት ነገሮች ላይ ቆሟል፤ በቤቱ ስፋት፣ በመንገዱ ርዝመትና በቤቱ በሚጠብቀው ሰው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቶቻችን እንዲህ ያለ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው «ቤት ወይስ ቢሮ?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ያሳስተዋል። አስቀድሞ የሚሠራበት ክፍልና ጠረጴዛ አለህን? ከቤትህ እስከ ቢሮ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል? በሥራ ሰዓት የምትጠብቀው ልጅ ወይም በሽተኛ አለህን? መብራቱንና መሥመሩን የሚከፍለው ማነው? ብሎ መጠየቅ አለበት። ከእነዚህ በኋላ ምርጫው ቢጠየቅ መልሱ ትርጉም ይኖረዋል።

ከመልሱም በኋላ የሚደረገው ነገር ለሁሉ አንድ ሊሆን አይችልም። ክፍል ለሌለው ሰው ቢሮው መከልከል የለበትም። ከቤት የሚሠራ ሰው ወጪው ሊታሰብለት፣ ምዘናውም በሠራው እንጂ በመታየቱ መሆን የለበትም። አዲስ የተቀጠረ ወጣት ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ከሚያስተምረው ሰው አጠገብ ሊቀመጥ ይገባል፤ ነባሩም ሰው በእነዚያ ቀናት ቢሮ ሊገኝለት ይገባል።

ስለ ሒሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ አንድ ነገር ተናግረን እንጨርስ። «ከቤት ልሥራ» ስትል አለቃዋ የሰማው ከቢሮ መቅረት እንደምትፈልግ ነው። እኛም መጀመሪያ የሰማነው እንዲሁ ነበር። ደግመን ስንጠይቃት ግን በመሥሪያ ቤቷ ግቢ አንድ የሕፃናት ማቆያ ክፍል ቢኖርና አውቶቡሱ በሰዓቱ ቢመጣ፣ ከሳምንቱ አራቱን ቀን ከቢሮ ብትሠራ እንደምትወድ ነገረችን። በወረቀቱ ላይ ግን እንዲህ ያለ መልስ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።